ጃቫ «ያልታወቀ ፕሮቶኮል» ሲል ምን ፈልጎ አጣ?

የራሱን የአድራሻ ፕሮቶኮል በጃቫ የሠራ ሰው ይዋል ይደር እንጂ አንድ መልእክት ያጋጥመዋል፦ «ማልፎርምድ ዩአርኤል ኤክሴፕሽን፦ አንኖውን ፕሮቶኮል»፤ ከኋላው ራሱ ያወጣው የፕሮቶኮል ስም ይከተላል። መልእክቱ ግልጽ ይመስላል፤ ስሙን አላውቀውም እያለ ነው። ነገር ግን ጃቫ ይህንኑ አንድ ዓረፍተ ነገር እርስ በርሳቸው ለማይገናኙ ብልሽቶች ሁሉ ይጠቀምበታል። ክላሱ ጨርሶ ባይኖር ይላል፤ ኖሮ ስሙ በአንድ ፊደል ቢዛነፍ ይላል፤ በትክክል ተገኝቶ ኮንስትራክተሩ (ኦብጀክቱን የሚሠራው ክፍል) ቢወድቅም ያንኑ ይላል። በዚህ የተነሳ ብዙ ፕሮግራመር ምንም ያልሆነውን ክላስ ደጋግሞ ሲያርም ይውላል። መጠየቅ ያለበት ግን ፍለጋው የት ላይ እንደቆመ ነው።

ለምሳሌነት «መዝገብ» የሚባል ፕሮቶኮል አለን እንበል፤ አድራሻው «መዝገብ://ደንበኞች/2024» ዓይነት ነው። የክላስና የፓኬጅ ስሞችን እዚህ በግዕዝ ፊደል እንጽፋቸዋለን፤ ኮድ ላይ ሲገቡ በላቲን ፊደል ናቸው። (የሚገርመው፣ የዩአርኤል ክላስ «መዝገብ»ን በግዕዝ ፊደል ቢሰጡትም ቅር አይለውም፤ የሚያጣራው ፊደል መሆኑን ብቻ ነውና። ዩአርአይ የተባለው ክላስ ግን ከእንግሊዝኛ ፊደላት ውጭ የሆነ የፕሮቶኮል ስም ገና ሲያነበው ይጥለዋል። ስለዚህ ለቁም ነገር አይሞከርም።)

## ሃንድለር ምንድን ነው?

በአድራሻው መጀመሪያ፣ ከሁለት ነጥቡ በፊት ያለው ቃል ፕሮቶኮል ይባላል። «ኤችቲቲፒ»፣ «ኤችቲቲፒኤስ»፣ «ፋይል» እና «ጃር» ከጃቫ ጋር አብረው ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 ከወጣው 1.0 ዕትም ጀምሮ ያለው የዩአርኤል ክላስ ራሱ ከየትኛውም ፕሮቶኮል መረጃ ማምጣት አያውቅበትም። ሥራው የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት እንግዳ ተቀባይ ሥራ ነው፦ በቀረበለት ወረቀት ላይ የመጀመሪያውን ቃል ያነብባል፣ ጉዳዩን የሚያውቀውን ባለሙያ ከዝርዝሩ ይፈልጋል፣ ባለጉዳዩን ወደዚያው ይመራል። ባለሙያው ሃንድለሩ ነው።

በኮድ ሲታይ ሃንድለር ማለት «ዩአርኤል ስትሪም ሃንድለር» የተባለውን ክላስ የሚወርስ ክላስ ነው። የግድ መጻፍ ያለበት ሜተድ አንድ ብቻ ነው፦ «ኦፕን ኮኔክሽን»። እሱም አድራሻውን ተቀብሎ «ዩአርኤል ኮኔክሽን» የሆነ ኦብጀክት ይመልሳል፤ ማንበብና መጻፉን የሚሠራው ይህ ሁለተኛው ነው።

ከዚህ ሌላ ሁለት ቃላት ያስፈልጉናል። ፋክተሪ ማለት የፕሮቶኮል ስም ሲነገረው ሃንድለር ሠርቶ የሚሰጥ ኦብጀክት ነው። ክላስ ሎደር ደግሞ ክላሶችን ከዲስክ ወይም ከጃር ፋይል (ብዙ ክላሶች ከተጠቀለሉበት አንድ ፋይል) አውጥቶ ወደ ጄቪኤም (የጃቫ ፕሮግራሞችን ወደሚያስኬደው ሞተር) የሚያስገባው ክፍል ነው። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ብዙ ክላስ ሎደሮች ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንዱ የሚያየውን ጃር ሌላው ላያየው ይችላል። ከምናወራው ችግር አብዛኛው የሚመነጨው ከዚህች የመጨረሻ ነጥብ ነው።

## ፍለጋው የሚካሄደው መቼ ነው?

የዩአርኤል ኦብጀክቱ ገና ሲፈጠር ነው፤ ግንኙነት እስኪከፈት አይጠበቅም። ስለዚህ «ያልታወቀ ፕሮቶኮል» ከኔትወርክ፣ ከፋየርዎል ወይም ከተዘጋ ፖርት ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም። መልእክቱ ሲወጣ አንዲት ባይት እንኳ ከማሽኑ አልወጣችም።

ዩአርአይ እንዲህ ያለ ፍለጋ አያካሂድም፤ አጻጻፉን ብቻ አይቶ ያሳልፋል። በዚህ ምክንያት «ዩአርአዩ ያለ ችግር ተፈጥሯል፤ ስለዚህ ፕሮቶኮሉ ተመዝግቧል» ብሎ መደምደም አይቻልም። ወደ ዩአርኤል የሚቀይረው «ቱ ዩአርኤል» የተባለው ሜተድ ሲጠራ ያው መልእክት ይመጣል።

## ጃቫ ሃንድለሩን የት የት ይፈልጋል?

መጀመሪያ የሚያየው የራሱን ማስታወሻ ነው። አንድ ጊዜ የተገኘ ሃንድለር በውስጥ ሠንጠረዥ ይቀመጣል፣ ሠንጠረዡ ባዶ ካልተደረገ በቀር ጄቪኤሙ እስኪዘጋ እሱው ያገለግላል። ልብ ይበሉ፣ የሚቀመጠው የተገኘው ብቻ ነው፤ ፈልጎ ማጣቱን አይመዘግብም። ስለዚህ አንዴ ያልተገኘ ፕሮቶኮል፣ ምዝገባው ከተስተካከለ በኋላ በዚያው ሩጫ ሊገኝ ይችላል። ተገላቢጦሹ ግን አይሠራም፦ «ኤችቲቲፒ»ን በራሱ ሃንድለር ሊተካ የፈለገ ሰው ምዝገባውን ከመጀመሪያው የኤችቲቲፒ አድራሻ በፊት ካላደረሰ፣ ነባሩ ሃንድለር ቦታውን ይዞ ይጠብቀዋል (ፋክተሪ መመዝገብ ብቻ ሠንጠረዡን ስለሚያጸዳ ከዚህ ውጭ ነው)።

በሠንጠረዡ ከሌለ፣ የተመዘገበ ፋክተሪ ካለ እሱ ይጠየቃል። ፋክተሪው ባዶ እጁን ከተመለሰ፣ ከጃቫ 9 ጀምሮ (እ.ኤ.አ. 2017) ሰርቪስ ሎደር በተባለው መንገድ የተመዘገቡ አቅራቢዎች (ሃንድለር የሚያቀርቡ ክላሶች) ይጠየቃሉ። ቀጥሎ የሚታየው ጥንታዊው መንገድ ነው፦ «ጃቫ.ፕሮቶኮል.ሃንድለር.ፒኬጂኤስ» የሚባል ሲስተም ፕሮፐርቲ (ለጄቪኤሙ የሚሰጥ ቅንብር)። በውስጡ የፓኬጅ ስሞች በቋሚ መስመር እየተለዩ ይደረደራሉ፤ ጃቫ ለእያንዳንዱ ፓኬጅ የፕሮቶኮሉን ስም፣ ከዚያ «ሃንድለር» የሚለውን ቃል እየቀጠለ ክላስ ይፈልጋል። ይህም ካልሆነ ከጃቫ ጋር የመጡት ይታያሉ። እዚያም ከሌለ መልእክቱ ይወጣል።

በጃቫ 9ና ከዚያ በኋላ ባሉት ከሥርዓቱ ውጭ የተደረጉ ፕሮቶኮሎች አሉ። «ፋይል» እና «ጄአርቲ» (ጃቫ የራሱን ሞጁሎች የሚያነብበት) በምንም መንገድ አይተኩም፤ ጄቪኤሙ ራሱ ለመነሳት ስለሚያስፈልጉት ፋክተሪም ሆነ ፕሮፐርቲ ሳይጠየቅ ይታለፋል። «ጃር» ደግሞ በአቅራቢ መንገድ አይተካም፤ በፋክተሪና በፕሮፐርቲ ግን ይቻላል።

## «ኖ ፕሮቶኮል» የሚለውስ ከዚህ ጋር አንድ ነው?

አይደለም። እሱ «በአድራሻው ላይ ፕሮቶኮል የሚባል ነገር አላየሁም» ማለት ነው፤ ፍለጋው ጭራሽ አልተጀመረም። ከኮንፊገሬሽን ፋይል የተነበበ አድራሻ ፊት የተረፈ የጥቅስ ምልክት ወይም ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የተቀመጠ የማይታይ ምልክት ይህንን ያመጣል። የአድራሻውን ርዝመትና የመጀመሪያውን ፊደል ቁጥር ማተም ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

«ያልታወቀ ፕሮቶኮል፦ ሲ» የሚል ካዩ ደግሞ ስለ ሃንድለር ማሰቡን ይተዉት። የዊንዶውስ የፋይል መንገድ ለዩአርኤል ተሰጥቷል፤ የድራይቩ ፊደል እንደ ፕሮቶኮል ተነበበ።

## ፕሮፐርቲውን ሰጥቻለሁ፣ ክላሱም አለ፤ ለምን አይገኝም?

ይህ ጥንታዊ መንገድ በስም አጠራር ላይ ምሕረት የለውም። ፕሮፐርቲው «ኮም.ምሳሌ.አድራሻ» ከሆነ፣ የክላሱ ሙሉ ስም «ኮም.ምሳሌ.አድራሻ.መዝገብ.ሃንድለር» መሆን አለበት። ክላሱን «መዝገብ ሃንድለር» ብሎ መሰየም አይሠራም፤ ስሙ «ሃንድለር» ብቻ ነው፣ በትልቅ ፊደል ጀምሮ። የፓኬጁ የመጨረሻ ክፍል ከፕሮቶኮሉ ስም ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት፣ በትንንሽ ፊደላት፤ ጃቫ አድራሻውን ሲያነብብ የፕሮቶኮሉን ስም ወደ ትንንሽ ፊደል ስለሚቀይረው፣ ትልቅ ፊደል ያለበት ፓኬጅ መቼም አይገጥምም። በፕሮፐርቲው ላይ የሚጻፈው ደግሞ የወላጅ ፓኬጁ ስም ነው። «መዝገብ»ን እዚያም ጨምሮ መጻፍ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ያን ጊዜ ጃቫ «መዝገብ.መዝገብ.ሃንድለር» እያለ የሌለ ነገር ይፈልጋል።

በፕሮቶኮሉ ስም ውስጥ ሰረዝ ወይም የመደመር ምልክት ካለ ይህ መንገድ ከነአካቴው ዝግ ነው። በአድራሻ ሕግ ሁለቱም የተፈቀዱ ናቸው፣ በጃቫ የፓኬጅ ስም ግን አይፈቀዱም፤ ስለዚህ የሚገጥም ክላስ መጻፍ አይቻልም። ፋክተሪ ወይም አቅራቢ መጠቀም የግድ ይሆናል።

ክላሱ ፐብሊክ መሆን፣ ፐብሊክ የሆነና ምንም የማይቀበል ኮንስትራክተርም ሊኖረው ይገባል። ከነዚህ አንዱ ቢጎድል ወይም ኮንስትራክተሩ ውስጥ ኤክሴፕሽን ቢነሳ ጃቫ ምንም ሳይናገር ኤክሴፕሽኑን ይውጠውና ወደሚቀጥለው ፓኬጅ ያልፋል። በዚህ የፍለጋ ሜተድ ውስጥ ያለው የመያዣ ብሎክ ባዶ ነው። መርማሪን የሚያንከራትተው ይኸው ባዶ ብሎክ ነው፤ እንዲህ ያለ ዝምታ ዛሬ ቢጻፍ ኮድ የሚገመግም ሰው የሚያሳልፈው አይመስለኝም። ደግነቱ የሚዋጠው «ኤክሴፕሽን» ብቻ ነው። ሃንድለሩ የሚፈልገው ሌላ ክላስ ጠፍቶ የሚነሳው «ኖ ክላስ ዴፍ ፋውንድ ኤረር» ግን የኤረር ዘር ስለሆነ ሾልኮ ይታያል።

ከኮዱ ውጭ የሚፈጠሩ ጥፋቶችም አሉ። ሁለት ፓኬጆች በቋሚ መስመር ተለይተው በትእዛዝ መስመር ላይ ሲጻፉ፣ ሼሉ መስመሩን እንደ ፓይፕ ይተረጉመውና ሁለተኛውን ፓኬጅ እንደ ትእዛዝ ሊያስኬድ ይሞክራል። ሙሉውን በጥቅስ ውስጥ ማስገባት ይፈታዋል። ከዚህም ሌላ በ«-ዲ» የሚጀምረው ፕሮፐርቲ ከክላሱ ስም ወይም ከ«-ጃር» በፊት መምጣት አለበት፤ ከኋላ ከመጣ ለፕሮግራሙ የተሰጠ ተራ ግብአት ሆኖ ይቀራል። ፕሮፐርቲውን በኮድ የሚያስገቡ ደግሞ ነባሩን ዋጋ አንብበው ከጎኑ ይጨምሩ እንጂ አይደምስሱ። የስፕሪንግ ቡት (የጃቫ መተግበሪያ መገንቢያ ማዕቀፍ) ማስነሻ፣ ለምሳሌ፣ በጃር ውስጥ ያሉ ጃሮችን የሚያነብበውን ሃንድለር የሚያስመዘግበው በዚሁ ፕሮፐርቲ ነው።

## በአይዲኢ ውስጥ ይሠራል፣ ሰርቨር ላይ ሲወጣ አይሠራም። ለምን?

ይህ ጥያቄ ሲነሳ መልሱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ክላስ ሎደር ነው። በፕሮፐርቲው መንገድ ጃቫ ክላሱን የሚፈልገው መጀመሪያ የጃቫ የራሱ ክላሶች ባሉበት፣ ቀጥሎ በሲስተም ክላስ ሎደር ነው። ሲስተም ክላስ ሎደር የሚያየው ጄቪኤሙ ሲነሳ በክላስ ፓዝ የተሰጠውን ብቻ ነው። አድራሻውን የፈጠረው ኮድ የትኛው ክላስ ሎደር ውስጥ እንዳለ አይጠየቅም፤ የወቅቱ ትሬድ የያዘው ክላስ ሎደርም አይታይም።

አይዲኢው (ኮድ የሚጻፍበት መሣሪያ) ሁሉንም ነገር በአንድ ክላስ ፓዝ ደርድሮ ስለሚያስነሳ ሲስተም ክላስ ሎደሩ ሁሉን ያያል። በስፕሪንግ ቡት ተጠቅልሎ በአንድ ጃር ሲነሳ ግን ሲስተም ክላስ ሎደሩ የሚያየው የውጪውን ጃርና የማስነሻውን ክላሶች ነው። የእርስዎ ክላሶችና ላይብረሪዎች «ቡት-ኢንፍ» በተባለው ማህደር ውስጥ ናቸው፤ እነሱን የሚጭናቸው ሌላ ክላስ ሎደር ነው። ኮዱ ያው፣ ጃሩ ያው፣ ፕሮፐርቲው ያው፤ ሃንድለሩ ግን አይታይም።

ቶምካት በተባለው የጃቫ ድር ሰርቨር ላይም እንዲሁ ነው፣ ትንሽ ይብሳል። ጃሩን ከመተግበሪያው ማህደር አውጥቶ ወደ ሰርቨሩ «ሊብ» ማህደር መውሰድ መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን «ሊብ»ን የሚያነብበው የጋራ የሚባለው ክላስ ሎደር እንጂ ሲስተም ክላስ ሎደሩ አይደለም። ቶምካት ሲነሳ ከአካባቢ ተለዋዋጭ የሚመጣውን ክላስ ፓዝም ይጥለዋል፤ ለሲስተም ክላስ ሎደሩ ጃር መጨመር የሚቻለው «ሴትኢንቭ» በሚባለው ስክሪፕት ነው። ከዚህ የተሻለው ግን ቶምካት ራሱ የሰጠው በር ነው፦ «ቶምካት ዩአርኤል ስትሪም ሃንድለር ፋክተሪ» የሚባለው ክላስ «አድ ዩዘር ፋክተሪ» የሚል ሜተድ አለው። የራስዎን ፋክተሪ በሱ በኩል ይጨምራሉ፤ ፋክተሪው በእርስዎ ኮድ የተፈጠረ ስለሆነ የክላስ ሎደር ጥያቄ አይነሳም።

## ምክንያቱን እንዴት ላስወጣው?

የመጀመሪያው እርምጃ ክላሱ ወደ ጄቪኤም መግባቱን ማየት ነው። ከጃቫ 9 ጀምሮ ፕሮግራሙን «-ኤክስሎግ:ክላስ+ሎድ» በሚል አማራጭ፣ በጃቫ 8 ደግሞ «-ቨርቦስ:ክላስ» በሚል ማስነሳት እያንዳንዱን የተጫነ ክላስ ከመጣበት ፋይል ጋር ያትማል። በዝርዝሩ ውስጥ የእርስዎን ሃንድለር ሙሉ ስም ይፈልጉ። ከሌለ ችግሩ ስም ወይም ክላስ ሎደር ነው፤ ክላሱን ማረም ዋጋ የለውም። ካለና መልእክቱ አሁንም ከወጣ፣ ክላሱ ተገኝቷል፤ የወደቀው ኦብጀክት ሲሠራ ነው። የሚቀረው የኮንስትራክተሩ፣ የፐብሊክነቱ ወይም የውርሱ ጉዳይ ነው። ይህች አንዲት ምርመራ የጥርጣሬውን ሜዳ ለሁለት ትከፍላለች፤ ከሌላው ሁሉ በፊት መምጣት አለባት።

ሁለተኛው እርምጃ ጃቫ የዋጠውን ኤክሴፕሽን ማስተፋት ነው። ጃቫ የሚያደርገውን በእጅ መድገም ይበቃል፦ ሲስተም ክላስ ሎደሩን ይውሰዱ፣ የሃንድለሩን ሙሉ ስም ሰጥተው ያስጭኑት፣ ምንም የማይቀበለውን ኮንስትራክተር አውጥተው ኦብጀክት ያሠሩበት፣ ወደ «ዩአርኤል ስትሪም ሃንድለር» ይቀይሩት፤ ሁሉንም «ትሮዌብል»ን በሚይዝ ብሎክ ከበው የሚነሳውን በሙሉ ያትሙ። ይህ የሙከራ ኮድ ከሃንድለሩ በተለየ ፓኬጅ ውስጥ መሆን አለበት። በዚያው ፓኬጅ ከሆነ ፐብሊክ ያልሆነ ክላስም ይከፈትለታል፣ ሙከራው «ሁሉም ደህና ነው» ብሎ ያሳስትዎታል። ደግሞም ሙከራው በአይዲኢው ውስጥ ሳይሆን ችግሩ በታየበት ቦታ፣ በሰርቨሩ ላይ መሮጥ አለበት።

## «ፋክተሪ ኦልሬዲ ዲፋይንድ» ምን ማለት ነው?

ፋክተሪ የሚመዘገበው «ሴት ዩአርኤል ስትሪም ሃንድለር ፋክተሪ» በሚባለው ሜተድ ነው፤ በአንድ ጄቪኤም ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይፈቀዳል። ሁለተኛ የመጣው ኤረር ይነሳበታል። ኤክሴፕሽን ሳይሆን ኤረር ስለሆነ ተራ የመያዣ ብሎክ አይይዘውም፣ ፕሮግራሙን ሲነሳ ሊያስቆመው ይችላል። ቶምካት እና የኦኤስጂአይ (ፕሮግራምን በሞጁል የሚከፋፍል ሥርዓት) ማዕቀፎች ይህንን አንድ ቦታ ቀድመው ይይዙታል፤ በነሱ ውስጥ የሚሮጥ ኮድ የነሱን በር መጠቀም አለበት። ኦኤስጂአይ ላይ ሃንድለሩ «ዩአርኤል ስትሪም ሃንድለር ሰርቪስ» ሆኖ ነው የሚመዘገበው። ላይብረሪ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ፋክተሪውን በራሱ ባይመዘግብ ይመረጣል፤ ቦታው የዋናው ፕሮግራም ነው።

ፋክተሪው ሲጻፍ የማያውቀውን ፕሮቶኮል ሲጠየቅ «ነል» (ባዶ) መመለስ አለበት። ለሁሉም ስም የራሱን ሃንድለር የሚመልስ ፋክተሪ ኤችቲቲፒን ይሰብራል። ለማያውቀው ስም ኤክሴፕሽን የሚያስነሳ ደግሞ የጃር አድራሻዎችን ጭምር ያግዳል፤ ያን ጊዜ ብልሽቱ ከፕሮቶኮሉ ጋር ጨርሶ በማይገናኝ ቦታ፣ ለምሳሌ የምስል ወይም የኮንፊገሬሽን ፋይል ከጃር ሲነበብ፣ ይፈነዳል።

## የአቅራቢው መንገድ ይሻላል?

ለጃቫ 9ና ከዚያ በላይ አዎ፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። አሠራሩ ይህ ነው፦ «ዩአርኤል ስትሪም ሃንድለር ፕሮቫይደር» የተባለውን ክላስ የሚወርስ ክላስ ይጻፋል፤ እሱም እንደ ፋክተሪ ስሙ ሲነገረው ሃንድለር ወይም «ነል» ይመልሳል። ከዚያ በጃሩ ውስጥ «ሜታ-ኢንፍ/ሰርቪስስ» በሚባለው ማህደር፣ በወላጅ ክላሱ ሙሉ ስም፣ ማለትም «ጃቫ.ኔት.ኤስፒአይ» ከሚለው ፓኬጅ ጀምሮ፣ የተሰየመ ፋይል ይቀመጣል። በፋይሉ ውስጥ የእርስዎ ክላስ ሙሉ ስም በአንድ መስመር ይጻፋል። ሞጁል የሚጠቀም ፕሮጀክት በፋይሉ ፋንታ በሞጁል መግለጫው «ፕሮቫይድስ» በሚለው ቃል ያውጀዋል። የክላስ ስም ነጻ ነው፣ ሰረዝ ያለው ፕሮቶኮልም ይሠራል፣ ከፕሮፐርቲ ጋር የሚደረገው ትግል ይቀራል። ከሁሉ በላይ አይዋሽም፦ በፋይሉ ውስጥ ያለው ስም ስሕተት ከሆነ ወይም ክላሱ ካልተሠራ «ሰርቪስ ኮንፊገሬሽን ኤረር» ከነምክንያቱ ይወጣል።

ቅድመ ሁኔታው፣ ይህም መንገድ የሚፈልገው በሲስተም ክላስ ሎደር በኩል ብቻ መሆኑ ነው። የስፕሪንግ ቡቱና የቶምካቱ ችግር እዚህም አለ፤ መልእክቱም «ያልታወቀ ፕሮቶኮል» ሆኖ ይመለሳል።

ብዙ ጃሮችን ወደ አንድ የሚጨፈልቁ የግንባታ መሣሪያዎች ሌላ ወጥመድ ናቸው። ሁለት ላይብረሪዎች ተመሳሳይ ስም ያለው የሰርቪስ ፋይል ካላቸው አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። በሜቨን ሼድ ፕለጊን «ሰርቪስስ ሪሶርስ ትራንስፎርመር» የሚለውን ማብራት የሁለቱን ይዘት ያዋህዳል። የመጨረሻውን ጃር ከፍቶ ፋይሉን በዓይን ማየት ከማንኛውም ግምት ይፈጥናል።

## ሃንድለሩ ተገኘ፣ ግን በትክክል አይሠራም

«ፕሮቶኮል ዳዝንት ሰፖርት ኢንፑት» የሚል ከመጣ፣ የግንኙነት ክላሱ ላይ «ኮኔክት» ብቻ ተጽፎ «ጌት ኢንፑት ስትሪም» ተረስቷል። ወላጅ ክላሱ «ኮኔክት»ን ብቻ ነው የሚያስገድደው፣ የማንበቢያው ሜተድ በነበረበት ሲቀር ይህንን መልእክት ያስነሳል። ለመጻፊያውም እንዲሁ። በፕሮክሲ በኩል የሚከፍት ኮድ ካለ ደግሞ ፕሮክሲ የሚቀበለው ሁለተኛው «ኦፕን ኮኔክሽን» ካልተጻፈ «አንሰፖርትድ ኦፐሬሽን» ይላል።

በአድራሻ አከፋፈል የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው። «መዝገብ://ደንበኞች/2024» ሲነበብ «ደንበኞች» የሆስት ስም ነው፤ መንገዱ «/2024» ብቻ ነው። ሙሉው በመንገዱ ውስጥ እንዲሆን ከተፈለገ ሦስት ጭረት ማድረግ ወይም «ፓርስ ዩአርኤል»ን በራስ መጻፍ ያስፈልጋል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ብዙዎች የማይጠረጥሩት መዘግየት አለ። ሁለት ዩአርኤሎች እኩል መሆናቸው ሲጠየቅ ወይም ዩአርኤል በሃሽ ማፕ ውስጥ ሲገባ፣ ወላጅ ክላሱ የሆስቱን ስም በዲኤንኤስ ይጠይቃል። «ደንበኞች» የሚባል ማሽን በኔትወርኩ ላይ የለም፤ ጥያቄው መልስ እስኪያጣ ፕሮግራሙ ይቆማል። ማስተካከያው አጭር ነው፦ በሃንድለሩ ውስጥ «ጌት ሆስት አድሬስ» የሚለውን ሜተድ «ነል» እንዲመልስ አድርጎ መጻፍ። ያን ጊዜ ንጽጽሩ በስሞቹ ብቻ ይሆናል። ከተቻለ ግን ለማፕ ቁልፍነት ዩአርአይን መጠቀም ይሻላል።

የተሻሻለ ኮድ አስገብተው አሮጌው ሲሠራ ካዩ፣ ያ የውስጥ ሠንጠረዥ ነው። መተግበሪያው ሰርቨር ላይ ሲታደስ ጄቪኤሙ አልተዘጋም፤ ሠንጠረዡ የቀድሞውን ሃንድለር ይዟል፣ በሱም በኩል የቀድሞውን መተግበሪያ ክላስ ሎደር በሙሉ በማህደረ ትውስታ ያቆየዋል። ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሳት ያጸዳዋል። ፋክተሪ ባልተመዘገበበት ጄቪኤም ላይ የምዝገባ ሜተዱን በ«ነል» መጥራትም ሠንጠረዡን ባዶ ያደርጋል፤ ፋክተሪ ካለ ግን ያው ኤረር ይነሳል።

## ምዝገባ የማይፈልግ መንገድ የለም?

አለ፣ ብዙ ጊዜም በቂው እሱ ነው። አድራሻውን የሚፈጥረው ኮድ የራስዎ ከሆነ ሃንድለሩን በእጅ ማቀበል ይቻላል፤ ያን ጊዜ ምንም ፍለጋ አይካሄድም። በቀድሞዎቹ ዕትሞች ሦስት ግብአት የሚቀበለው የዩአርኤል ኮንስትራክተር ይህን ያደርጋል። ከጃቫ 20 (እ.ኤ.አ. 2023) ወዲህ የዩአርኤል ኮንስትራክተሮች በሙሉ እንዳይመረጡ ምልክት ተደርጎባቸዋል፤ ቦታቸውን የያዘው ዩአርአይና ሃንድለር የሚቀበለው «ዩአርኤል.ኦፍ» ነው። ወደሱ ሲዛወሩ ዩአርአይ ጥብቅ መሆኑን ያስታውሱ፦ ባዶ ቦታ፣ ቋሚ መስመር ወይም የዊንዶውስ ጭረት ያለበትን አድራሻ አይቀበልም፤ በሆስቱ ስም ውስጥ የሥር መስመር ካለም ሆስቱን ሲጠይቁት «ነል» ይመልሳል።

በእጅ የተቀበለ ሃንድለር የሚኖረው በዚያ ኦብጀክት ላይና ከሱ በተወለዱ አንጻራዊ አድራሻዎች ላይ ነው። አድራሻው ወደ ጽሑፍ ተቀይሮ እንደገና ከተነበበ፣ ወይም በሲሪያላይዜሽን (ኦብጀክትን ወደ ባይት በመቀየር) ወደ ሌላ ጄቪኤም ከተላከ፣ ሃንድለሩ አብሮ አይሄድም፤ ተቀባዩ ፍለጋውን ከዜሮ ይጀምራል። አድራሻውን እንደ ጽሑፍ ተቀብሎ ራሱ የሚከፍት የሌላ ሰው ላይብረሪ ካለ ስለዚህ ምዝገባው አይቀርም።